ሊጠይቀን ለመጣ ወዳጅ ምን እናሳየዋለን?

በቋንቋችን መጠየቅ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ያላወቁትን ለማወቅ ቃል ማቅረብ መጠየቅ ይባላል፤ የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ያዘነውን፣ በአገር ርቀት የተለየውን ሰው ሄዶ ማየትም መጠየቅ ይባላል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ድካሙን ችሎ ወደ ቀድሞ ጓደኛው የሚመጣ ሰው አንድ ቃል ባይናገር እንኳ መምጣቱ ራሱ ጥያቄ ነውና። «ከተለያየን ወዲህ እንደ ምን ኖርህ? እግዚአብሔርስ እንደ ምን አኖረህ?» ማለቱ ነው። እንግዲህ ጠያቂ የመጣለት ሰው መልስ መስጠት ይገባዋል። ይህ መልስ ምን መሆን እንዳለበት እንመርምር።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በምናውቀው ስፍራ ላይ እናቁመው። ከእንጅባራ ከተማ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጐዳና ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ መንገደኛ ዘንገናን ያገኛል። ዘንገና በአዊ ዞን በባንጃ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ደጋ ላይ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ የከፈተውን ጕድጓድ ውኃ ሞልቶት የተገኘ ሐይቅ ነው። አፉ እንደ ወጭት ክብ ነው፤ ዳር ዳሩን ደን ከቦታል። ጥልቀቱን የለኩት ሰዎች እስከ 166 ሜትር ደርሶ ስላገኙት ከአገራችን ጥልቅ ሐይቆች እንደ አንዱ ይቈጠራል። ዛፉ ሸፍኖት ቈይቶ በድንገት ብቅ ሲል የማይደነቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚኖር ሰው የቀድሞ ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ በመጡለት ጊዜ፣ ገና ቡናው ሳይበርድ «ዘንገናን ሳታዩማ አትሄዱም» ይላል። ወሩ ጥር እንደ ሆነ ደግሞ በ23ኛው ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንዲያዩ ይለምናቸዋል።

በዚህ ውስጥ ምን ነውር አለ? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነውርስ የለበትም። የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ማድነቅና ሌላው እንዲያደንቅ መጥራት የነቢዩ የዳዊት ግብር ነው። ዳሩ ግን የሰው ልብ ተንኰለኛ ነውና በዚህ በተባረከ ሥራ ውስጥ እንኳ የራሱን ዙፋን መዘርጋት ያውቅበታል። እንግዳው «እንዴት ያለ ውብ ነው!» ባለ ጊዜ አሳዪው ጕድጓዱን እርሱ የቈፈረው፣ ውኃውንም እርሱ የቀዳው ይመስል አንገቱን ቀና ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሊያስቅም ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ነገር የሚወለደውን ትልቅ ነገር በንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ እናገኘዋለን።

ሕዝቅያስ ለሞት እስኪደርስ ታሞ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ የሚሞት መሆኑን በነገረው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጸለየ፤ አብዝቶም አለቀሰ። እግዚአብሔርም ዕንባውን ተመልክቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት፤ ለምልክትም ጥላውን 10 ደረጃ ወደ ኋላ መለሰለት። ይህ ዜና እስከ ባቢሎን ደረሰ። የባቢሎን መልእክተኞችም ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዘው መጡ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልእ በ32ኛው ምዕራፍ እንደሚያስረዳው የተላኩት በምድሪቱ ላይ ስለ ተደረገው ተአምር ሊጠይቁ ነበር። እነሆ፣ ጠያቂዎች በሁለቱም ትርጓሜ! ሕዝቅያስ ግን ምን አሳያቸው? ብሩንና ወርቁን፣ ሽቱውንና ዘይቱን፣ የጦር ዕቃውን ቤት፣ በግምጃ ቤቱ የተገኘውን ሁሉ አሳያቸው። ከሄዱም በኋላ ኢሳይያስ መጥቶ ሰዎቹ ምን እንዳሉ፣ ከወዴት እንደ መጡ፣ በቤቱም ምን እንዳዩ ጠየቀው። ንጉሡም ያላሳያቸው ነገር እንደሌለ መለሰለት። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ሁሉ መዝገብ ወደ ባቢሎን የሚወሰድበት ዘመን እንደሚመጣ ነገረው።

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ የንጉሡን ትዕቢት ያነሣሉ፤ ልክ ነው። እኛ ግን አንድ ሌላ ነገር እንዲታይ እንለምናለን። ሕዝቅያስ ያላሳየሁት የለም ባለ ጊዜ ያላሳየው ነገር ነበረ። ግድግዳውን አላሳየም። ፊቱን አዙሮ ያለቀሰበት ያ ግድግዳ ከግምጃ ቤቱ ብዙ የራቀ አልነበረ ይሆናል፤ የእንግዶቹም ጥያቄ ስለዚያ ነበር። እርሱ ግን የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን አሳየ። በዚያ ግድግዳ አጠገብ አቁሞ «እዚህ ላይ እንደ ማንኛውም ድኻ አልቅሻለሁ፤ አምላኬም ሰምቶኛል» ቢላቸው ኖሮ፣ ባቢሎናውያን ስለ ወርቁ የሚያወሩትን ያህል ስለ እግዚአብሔር ያወሩ ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። የቀድሞ ጓደኛ ከሌላው እንግዳ የሚለይበት ነገር አለው። በግእዙ ቋንቋ ነግድ ብቻ አይደለም፤ ቢጽም ነው። እኛን የሚያውቀን በዛሬው መጠምጠሚያችንና ካባችን አይደለም፤ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ስንለምን፣ ውሻ ሲያባርረን፣ ማታ ተመልሰን ቍራሹን ስንካፈል ያውቀናል። ቅኔ ስንቈጥር የሳትነውን ቤት እስከ ዛሬ ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት መቶ አራት መቶ ኪሎ ሜትር አቋርጦ የመጣው ሐይቅ ለማየት ብቻ ነውን? የእሳተ ገሞራ ሐይቅስ በቢሾፍቱም አለ፤ ያውም ለአዲስ አበባ ሰው በደጁ ነው። እርሱ የመጣው የሞተችብንን ሚስት፣ የታመመብንን ልጅ፣ ድምፃችን ከደከመ ወዲህ ማኅሌቱ እንዴት እንደ ሆነልን፣ በልጅነታችን የነበረን እምነት ከእኛ ጋራ መኖሩንና አለመኖሩን ሊጠይቅ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ስለምናውቅና ስለምንፈራ ማልደን መኪና እንከራያለን፤ ዘንገናን እናሳየዋለን፤ ዩኒቨርሲቲውን እናሳየዋለን፤ አዲሱን ሕንፃ እናሳየዋለን፤ ማታ ደክሞት ይተኛል፤ በማግስቱም ይሄዳል። እግዚአብሔር ለደስታ የፈጠረው ውኃ በሁለት ወዳጆች መካከል መጋረጃ ሆኖ ይቀራል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቤተ መቅደስ በመባው ሣጥን ትይዩ ተቀምጦ ሳለ ባለጠጎች ብዙ ሲጨምሩ ነበር። አንዲት ድኻ መበለት መጥታ ሁለት ደቃቅ ናስ ጨመረች። እርሱም ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ እርስዋን አሳያቸው። ወንጌላዊው ማርቆስ ይህን ከጻፈ በኋላ ወዲያው በተከታዩ ምዕራፍ መጀመሪያ፣ ከመቅደስ ሲወጡ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በተራው ለጌታ ያሳየውን ጽፏል፤ ያሳየውም የድንጋዩን ትልቅነትና የሕንፃውን ማማር ነበር። መምህሩ ሰው ያሳያል፤ ደቀ መዝሙሩ ድንጋይ ያሳያል። ያም ሕንፃ አርባ ዓመት ያህል ቈይቶ ጌታ እንደ ተናገረው በሮማውያን እጅ ፈረሰ።

ይህን የሰማ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ገደል እንዳይወድቅ ያሠጋናል። በዘመናችን እንግዳውን ወደ ድኾች ደጅ እየወሰደ «ይኸው የአገራችን ችግር» እያለ የሚያስጐበኝ አለ፤ እንግዳውም በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል። ይህ ከሕዝቅያስ ሥራ የከፋ ነው። ሕዝቅያስ ያሳየው የራሱን ነበር፤ ይህ ግን የባልንጀራውን ኀፍረት አውጥቶ በአደባባይ ያሳያል። ጌታ መበለቲቱን ያሳየበትን ሥርዓት እንመልከት። ወደ እርሱ አልጠራትም፤ በሕዝብ መካከልም አላቆማትም። የጠራው ደቀ መዛሙርቱን ነው። እርስዋ ሁለቱን ናስ ጥላ ወደ ቤትዋ ሄደች፤ እንደ ታየችም አላወቀች ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልጅነታቸው በዚያው በአገው ምድር ቅኔ የተማሩ አራት ጓደኛሞች በእንጅባራ ተገናኝተው ነበር። አንዱ በአዲስ አበባ ይነግዳል፤ ሁለተኛው በባሕር ማዶ ይኖራል፤ ሦስተኛው በወሎ የገጠር ደብር ያገለግላል፤ አራተኛውም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር። ዘንገና ዳር ቆመን ሳለ ነጋዴው ድንገት ዘወር ብሎ «እኒያ ንፍሮ ይሰፍሩልን የነበሩት እናት በሕይወት አሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ነበሩና ሄድን። ዐይናቸው ደክሟል። በአውኛ ሰላምታ ሰጡን፤ በተማሪነታችን የለቃቀምናት ጥቂት አውኛ ከሦስቱ አፍ ጠፍታ ስለ ነበር ተሳሳቁ። ማንነታችንን ብንነግራቸውም አላስታወሱንም። «ስንቱን ልወቅ ልጆቼ? በዚህ ደጅ ያላለፈ ተማሪ አለ?» አሉ። ከዚያ የተቀቀለ ድንች በገበታ አቀረቡልን፤ በጸሎት እንዲያስቡንም የክርስትና ስማችንን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከባሕር ማዶ የመጣው ስልኩን አወጣ። የወሎው ቄስ እጁን በእጁ ላይ አኑሮ በቀስታ «ተው ወንድሜ፤ እንግዳው እኛ ነን» አለው፤ ስልኩም ወደ ኪሱ ተመለሰ።

ያ ወዳጃችን ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። በሰው አገር ለተወለዱት ልጆቹ አባታቸውን የመገበችውን እጅ ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚናቅ ምኞት አይደለም። ስለዚህ ነገር ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን ሳንስማማ አደርን። የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ነጋዴው ለጎረቤት ሰው አደራ ትቶት የሄደው የቆርቆሮ ዋጋ ከማን እንደ መጣ እንዳይነገራቸው ነው።

አገርን ማሳየትም እንዲሁ እውነት ያስፈልገዋል። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም የሚሄድ እንግዳ ግራና ቀኙን አረንጓዴ ሆኖ ሲያየው አገሩ ወደ ጥንት ደኑ የተመለሰ ይመስለዋል። ያ ዛፍ ግን ገበሬው ዲከረንስ የሚለው፣ ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣ ተክል ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋራ አንድ ላይ ይተክለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቈርጠዋል፤ አክስሎም ከሰሉን ለከተማ ይሸጠዋል፤ መልሶም ይተክላል። በዚህ ዛፍ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ብዙ ልጅ ተምሯል። በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ዝገት ያለ በሽታ መትቶት የብዙ ገበሬ ተስፋ በቁሙ ደርቋል። ይህን ሳይነግር «እዩ እንዴት ለምለም ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ወዳጁን አገር አላሳየውም፤ በአገር አሳለፈው እንጂ። ስለ ፈረሱ በዓልም ይህንኑ እንላለን። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ የተመሠረተው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወደቁትን አባቶችና ፈረሶች ለማሰብ መሆኑን ያልሰማ እንግዳ ጌጠኛ ኮርቻና አቧራ አይቶ ይመለሳል።

መንግሥታትም እንግዳ ያስጐበኛሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ በታላቅ ክብር ተቀብለው አገሩን አሳዩዋቸው። እርሳቸውም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሕዝባቸው አስተላለፉ። መልካም እንግዳ ነበሩ፤ ለራሳቸው ዐይን ብቻ አላዩምና። ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. ያው የጃፓን መንግሥት ጣልያን ኢትዮጵያን መያዙን ዕውቅና ሰጠ፤ ኅሩይም በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ያሳዩዋቸው ነገር ሐሰት ነበር አንልም። ቤቱን ማሳየት ልብን ከማሳየት የተለየ መሆኑን ግን ከዚህ እንረዳለን።

ሁሉም ነገር ደግሞ የሚታይ አይደለም። ሕዝቅያስን ያስነቀፈው ያላሳየው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ መሸፈን የሚገባውን የጦር ዕቃ ቤት መክፈቱም ነው። ይህ ይልቁንም እኛን ካህናትን የሚመለከት ነገር ነው። የቀድሞ ጓደኛ ባለጠጋ ሆኖ፣ ሌላ ጓደኛ አስከትሎ ይመጣና በዕቃ ቤት ያለውን የብራና መጽሐፍ፣ የጥንቱን መስቀል፣ አንዳንዴም ከመጋረጃ ውስጥ ያለውን ሊያይ ይሻል። እንቢ ማለት ያሳፍራል፤ በአንድ ደበሎ አብረን ተኝተናልና። ብዙ የአብያተ ክርስቲያናት ቅርስ ከአገር የወጣው ግን በር ተሰብሮ ብቻ አይደለም፤ በወዳጅነት ተከፍቶም ነው።

በዚህ ነገር የግሽ ሽማግሌዎች ያደረጉትን ማስታወስ ይጠቅማል። ከእንጅባራ በስተምሥራቅ በሰከላ ምድር የዓባይ ምንጭ ይገኛል፤ ግዮን እያልን የምናከብረው፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በረከት ያለበት ጠበል ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1770 የስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ የስፍራው አገዎች አልከለከሉትም፤ ነገር ግን ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምንጩ እንዳይወርድ ነገሩት። አወለቀም፤ ይህን ራሱ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ጤንነት ጠጣ። ከኤውሮጳ ሰዎች እኔ ቀዳሚ ነኝ ለማለትም ብዙ ደከመ፤ ዳሩ ግን ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618፣ በዚያው ስፍራ ቆሞ ነበር። እንግዳው ውኃውን ለራሱ ክብር አዋለው። ሽማግሌዎቹ ግን የሚገባቸውን አድርገዋል፤ ስፍራው የማን እንደ ሆነ በእግሩ አስታውቀውታል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደዚህ ምድር ሊጠይቅ መምጣትም ሆነ የመጣውን መሸኘት እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። «ኑ» ብሎ መጥራት ራሱ የሚያስጨንቅበት ጊዜ ሆኗል። ጓደኛው ሊመጣ ሲል «ዘንድሮ ይቅርብህ» ብሎ የጻፈ ሰው እናውቃለን፤ ከፍቅር የጻፈው ነው፤ ይህም አንድ ዓይነት እውነት ማሳየት ነው።

የሆነ ሆኖ የመጣውን እንግዳ መሸኘት የሚያበቃው በበር ላይ አይደለም። አባታችን አብርሃም ሰይጣን መንገደኛውን ሁሉ ባስቀረበት ጊዜ ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን እንደ ጾመ አባቶች ይተርካሉ። ሐምሌ 7 ቀን በምናከብረው በዓል ሥላሴ ወደ ቤቱ በገቡ ጊዜም ውኃ አቀረበ፤ ጥጃ አረደ፤ ከዛፍ ሥር አሳረፈ። ስለ መንጋው ብዛት የተናገረው አንድ ቃል የለም። እንግዶቹ ሲነሡ ግን ተቀምጦ አልቀረም፤ ሊሸኛቸው አብሮ ሄደ። ምሥጢሩ የተነገረው በቤት ሳይሆን በዚያ በሽኝት መንገድ ላይ ነው። እንግዶቹና ባለቤቱ አብረው የተመለከቱት የከነዓንን ልምላሜ አልነበረም፤ ሰዶምን ነበር። አብርሃም ስለ 50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ ለመነ፤ ከዚያም ወደ ስፍራው ተመለሰ። በማግስቱ ማልዶ ወደዚያው ከእግዚአብሔር ፊት ወደ ቆመበት ቦታ ሄደ፤ ቍልቍልም ወደ አገሩ ሁሉ ተመለከተ፤ ጢሱ ሲወጣም አየ።